ጣሪያዬ ላይ ስለተሸፈነው ሶላር

ለተከበሩ የኃይል ማመንጨት ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት ኃላፊ፣

ክቡርነትዎ በሙሉ ጤንነት፣ በተለይም በማይቆራረጥ ትንፋሽ እንዲሰነብቱ ከልብ እመኛለሁ። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝና ነገሬን በተራ ሳስቀምጥ በትዕግሥት ያንብቡልኝ።

አንደኛ፣ ባለቤቴ የምትተነፍሰው በኦክስጅን መሣሪያ ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር መሣሪያው ስለሚቆም ጣሪያችን ላይ ሁለት ሶላር አሰቀልኩ። ያለ ፈቃድ ኃይል ማመንጨት ወንጀል መሆኑን ፈጥናችሁ ስላሳወቃችሁኝ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ የፈቃድ መጠየቂያ ቅጻችሁ ለግድብ የተዘጋጀ በመሆኑ፣ ጣሪያዬ በዓሦች ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት እንዳስጠና ታዝዣለሁ። በቤታችን ዓሣ የሚገኘው፣ እሱም ሲገኝ፣ ድስት ውስጥ መሆኑን በጽሑፍ አስረድቻለሁ።

ሦስተኛ፣ ማዘጋጃ ቤቱ የእናንተን ፈቃድ አስቀድም ይለኛል፤ እናንተ የማዘጋጃ ቤቱን። ድንበር ተሻግራ የምትኖረው ልጄ ይህን ስትሰማ «አባዬ፣ እዚህ እኮ ሰው ሰቅሎ ያስመዘግባል፣ በቃ!» ብላ ሳቀችብኝ። ፀሐይዋ ያችው ናት፤ ከእኛ ዘንድ ስትደርስ ግን ሕገ ወጥ ትሆናለች።

አራተኛ፣ ተቆጣጣሪዎ ሶላሩን ሊያጠፉ መጥተው፣ ፀሐይ እያለች እንደማይጠፋ ሲረዱ «እንግዲያው ጋሼ፣ ፈቃዱ እስኪመጣ ሸራ ያልብሱት» አሉኝ። ሕግ አክባሪ ነኝና አለበስኩት። በዚያው ሳምንት፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት፣ መብራት ጠፋ። ሸራውን ፈትቼ ከጣሪያው ስወርድ ክፍሏ ጸጥ ብሎ ነበር። ከቀብር መልስ ብቅ ብለው ሸራው ወደ ቦታው መመለሱን ላረጋገጡት ተቆጣጣሪ ትጋት ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

አሁን ነፋስ ሲነሳ ሸራው ከበላዬ ያብጣል፣ መልሶ ይሟሽሻል። እንደ ሰው ይተነፍሳል። ተኝቼ እሰማዋለሁ።

መሣሪያውን ግድግዳ ለምንጋራው ጎረቤቴ፣ ለልብስ ሰፊው እናት ሰጥቻለሁ፤ እሳቸውም ሕመማቸው ያው ነው። ከግድግዳው ማዶ ድምፁ ሲቋረጥ እኔም ትንፋሼን ይዤ እቆያለሁ፣ መብራቱ እስኪመለስ። ስለዚህ ሸራው እንዲነሳ እንዲፈቀድልኝ ዝቅ ብዬ እለምናለሁ።

ትእዛዝዎን ሳያጓድሉ ከፈጸሙትና ውጤቱንም በዓይናቸው ካዩት ዜጎች አንዱ፣
ጡረተኛው መምህር

ማስታወሻ፦ ልመናዬን ጽፌ ስጨርስ መልሱን መጠበቅ ከበደኝና ሸራውን አንስቼ ገመዱን ወደ ጎረቤት ዘርግቻለሁ። ለማጥፋት ስትመጡ ጣሪያ ላይ መውጣት አያስፈልጋችሁም፤ የገመዱ ማብሪያ ማጥፊያ ከእናትየዋ ራስጌ ነው። በዚህኛው ጊዜ ግን በገዛ እጃችሁ አጥፉት፤ እኔ አላግዛችሁም።