ጣቢያውን ያስዘጋው ደብዳቤ

ጥር 6
ሁለት ክፍለ ጊዜ አስተማርኩ። ከሰዓት ማዘጋጃ ቤት ተጠራሁ። አሮጌው የባቡር ጣቢያ ቤተ መጻሕፍት ሊሆን ነው፤ ግድግዳው ላይ የሚሰቀል የአንድ ገጽ ታሪክ ጻፊልን አሉኝ። የታሪክ አስተማሪ ስለሆንኩ መሰለኝ። እምቢ ማለት ከበደኝ...

ጥር 9
ጣቢያው ገባሁ። የቲኬት መስኮቱ ተሰንጥቋል። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ የሆነ ሰው ሽንኩርት ያከማቻል። ሐዲዱ ከተነቀለ ሠላሳ አንድ ዓመት። ለምን ተዘጋ? ያገኘሁትን ሁሉ ጠየቅኩ። ባለሱቁ፣ "ከላይ ያሉት ጠምደውን ነዋ!" ፀጉር አስተካካዩ፣ "ባቡራችንን በጠራራ ፀሐይ ወሰዱብን።" ሁሉም በአንድ አፍ።

ጥር 15
መዝገብ ቤት ዋልኩ። አቧራው አስነጥሶ ሊገድለኝ ነበር። አንድ አቤቱታ አገኘሁ። "ባቡሩ የጭነት ሥራችንን ስለገደለብን መስመሩ እንዲዘጋልን..." የጠየቁት የራሳችን ከተማ ሰዎች! ሃያ ሁለት ፊርማ፤ ሁሉም ባለ ጭነት መኪናዎች። የመጀመሪያው የአባባ ነው። ያቺን ጥምዝምዝ ፊርማ የትምህርት ቤት ካርዴ ላይ ስንቴ አይቻታለሁ።
አባባ ከሰዓት ከሰዓት ዳማ የሚጫወተው ከማን ጋር ነው? ከቀድሞው የጣቢያ ሹም ጋር። ጣቢያው ሲዘጋ ከሥራቸውም ከቤታቸውም የወጡት እሳቸው ናቸው።

ጥር 16
የአቤቱታውን ቅጂ አባባ ፊት አስቀመጥኩ። መነጽሩን አደረገ። አነበበ። አወለቀ።
"ልትጽፊው ነው?"
"ልጽፈው ነው፣ አባባ።"
ቅጂውን አጠፈው። "እንግዲያው ሹሙን ግድግዳ አይንገረው። እኔው እነግረዋለሁ።"
አሳዘነኝ? እንጃ።

ጥር 18
አብሬው ሄድኩ። ሹሙ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። አባባ ቆሞ ተናገረ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ቢሆን ነው።
"አውቃለሁ እኮ" አሉ ሹሙ።
"ምኑን?"
"ያኔ ፖስታ የሚሄደው በባቡር አልነበር? ደብዳቤውን በመስኮት የሰጠኸኝ አንተው ነህ። ማኅተም መትቼ ላክሁልህ። ከወር በኋላ ግልባጩ ከዋናው መሥሪያ ቤት ለእኔም መጣ።"
"እና ይሄን ሁሉ ዓመት ዝም አልከኝ?"
"አንተስ?"
አባባ አለቀሰ። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። ሹሙ ወንበር አመጡለት፤ አላባበሉትም።

መጋቢት 3
ቤተ መጻሕፍቱ ተከፈተ። የማዘጋጃ ቤት ሰዎች የፈራሚዎቹ ስሞች ከጽሑፉ ይሰረዙ ብለው ነበር። አይሰረዙም ብሎ የተከራከረው አባባ ነው። ፀጉር አስተካካዩ አንብቦ ሳይሰናበት ወጣ፤ አራተኛው ፈራሚ አባቱ ናቸው። ሹሙ አልመጡም። ታመው አይደለም። እኛም ቤት ከመጡ፣ አባባም እሳቸው ጋ ከሄደ ቆየ።
አንዲት የማላውቃት ሴት ዝርዝሩን በጣቷ እየተከተለች፣ "ይሄ የመጀመሪያው ሰውዬ ግን በሕይወት አለ?" አለች።
አባባ ከኋላዋ ነበር።
"አለሁ" አለ።