ለሬዣን የወረወርኩት ቆብ

ለተከበሩ ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ አልዴዥ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎን የሚጠዘጥዝዎ ነገር ተሻለዎት ወይስ የባሕሩ ጭጋግ አባሰብዎት? ባለቤትዎ እትዬ ኤርሚንስ እንዴት ናቸው? ልጆቹስ፣ የልጅ ልጆቹስ? የእንጨት መጋዝ ቤትዎ ጣት ሳይቆርጥ ሰነበተ? እኔ፣ ጌታ ይመስገን፣ ከግራ ጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ብርዱ እንደሚያውቁት ነው፤ ምራቅ መሬት ሳይደርስ በረዶ ይሆናል።

ይህ ደብዳቤ በገዛ እጄ የተጻፈ ነው። እስከ ዛሬ የደረሰዎትን ሁሉ የጻፉልኝ አባ ላንክቶ ነበሩ። እኔ «ወንድሜ አበሳጨኝ» ስል እሳቸው «ወንድሜ ናፈቀኝ» ብለው ያሰፍሩ ኖሯል። ይህን ያወቅሁት በስልሳ አንድ ዓመቴ ከአንዲት መነኩሲት ፊደል ከቆጠርኩ በኋላ፣ በትከሻቸው ላይ አጮልቄ ሳነብ ነው። ዛሬ ቃሌን የሚያለዝብልኝ የለምና ቻል ያድርጉት።

ለገና የላኩት መልእክት ደርሶኛል። ልጅሽ ሬዣን ሠላሳ ሦስት ዓመት ሞላው፣ ጥርሱ አልቋል፣ ከትልቁ ሊግ ከወረደም ቆየ፤ የበረዶ ላይ ሆኪው ይብቃውና እኔ ዘንድ መጥቶ መጋዝ ይያዝ፣ ቦታውን እስከ ፋሲካ አቆይለታለሁ፣ አንቺም ንገሪው ብለዋል። ልጄም ይህን ሰምቶ የእኔን ቃል ሲጠብቅ ከረመ። እናቴ ተው ካለችኝ እተዋለሁ ብሏል። መልሴን ከመስጠቴ በፊት በዓይኔ ያየሁትን ላጫውትዎ።

እርስዎ ጎል አያገባም፣ አልቀናውም ይላሉ። የግራ ክንፍ ተጫዋች እኮ ነው። ጥግ ገብቶ፣ ከእንጨቱ አጥር ጋር እየተላተመ፣ ያችን እንደ ኳስ የሚመቷትን ጠፍጣፋ ጎማ ከሦስት ሰው እግር ሥር ፈልቅቆ ለመሀሉ ሰው ይሰጣል። ጎሉን ሌላ ያገባል፣ ስሙን ሌላ ይወስዳል፣ የጎድን አጥንት የሚሰበርበት ግን እሱ ነው። በትልቁ ሊግ አንድ ክረምት ቆየ፤ ከዚያ ወዲህ ኑሮው በአውቶቡስ ከከተማ ከተማ ነው። እርስዎ ይህን የባከነ ዕድሜ ይሉታል። እኔ ሥራ እለዋለሁ።

የኛን ከተማ ቡድን የሚመራው ኦቪድ ጋኘ፣ ሬዣንን በዐሥራ ሰባት ዓመቱ «ለክንፍ እግር ይጎድለዋል» ብሎ ማባረሩን አይረሱትም። ልጁም ሐይቁን ተሻግሮ ለባላንጦቻችን ፈረመ። ከዚያ ወዲህ እዚህ ሊጫወት በመጣ ቁጥር ሰዉ ያጉረመርምበታል። በቁርባን ሰልፍ ከፊቴ የሚቆሙት እነዚያው ሰዎች!

ባለፈው ሳምንት እሑድ ከሰዓት በኋላ ሬዣን ከቡድኑ ጋር መጣ። እኔ ከጎረቤቴ ከዜሊያ ጋር ተቀምጫለሁ። ገና ሜዳ ሲገባ አንዱ ከኋላችን «አያቴ፣ ምርኩዝህን ጠበቅ አድርገህ ያዝ!» አለ፣ የሚጫወትበትን ዱላ ማለቱ ነው። ሰዉ ሳቀ፤ ዜሊያም ሳቀች፣ እኔን ስታይ ወደ ሳል ለወጠችው።

የመጀመሪያው ጎል ጉልበቱን ነክቶ ገባ፤ ዕድል ነው አሉ። ሁለተኛውን ከአጥሩ ሥር አውጥቶ መታው፤ በረኛው ተኝቷል አሉ። በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ እንደ ልማዱ ጥግ ገባ፤ ሁለት ሰው ጀርባው ላይ ነው። ጎማዋን አወጣና የመሀሉን ሰው ቢፈልግ አልመጣለትም። እሱው ራሱ ከጎሉ ኋላ ዞሮ አስገባት።

አንድ ሰው በአንድ ጨዋታ ሦስት ሲያገባ ሕዝቡ ቆቡን እያወለቀ በረዶው ላይ እንደሚወረውር ያውቃሉ። ያ ግን ለራስ ሰው እንጂ ለባዳ አይደረግም። ቆቡ ሁሉ በየራሱ ላይ እንደተደፋ ቀረ። ሬዣንም ነገሩን ያውቀዋልና ቀና ብሎ ሳያይ ወደ ወንበሩ ዞረ።

ያን ጊዜ ተነሣሁ። ዜሊያ ቀሚሴን ያዘችኝ። «ተይ ሮላንድ፣ ነገም በዚህ ከተማ ዳቦ የምትገዢ ሴት ነሽ።»

«ዳቦዬን ራሴ እጋግራለሁ» አልኳት።

ባለቤቴ ኦነዚም በሕይወት ሳለ ካጠመደው ቀበሮ ያሰፋልኝን ቆብ አውልቄ ወረወርኩ። ክንዴ እንደ ድሮው አይደለም፤ ቆቡ በረዶው ላይ ሳይደርስ ማን ጭን ላይ ቢወድቅ ጥሩ ነው? ኦቪድ ጭን ላይ! ከአጥሩ ሥር ተቀምጧል። ዞሮ አየኝ።

«ሮላንድ፣ ቆብሽ ወደቀብሽ።»

«አልወደቀብኝም። ወርውረው።»

ኦቪድ ቆቡን አንሥቶ ወደ እኔ ሊመልሰው እጁን ዘረጋ፤ እኔ እጄን ወደ ኋላዬ አደረግሁ። ከኋላችን ያ ሲሳደብ የነበረው ሰው ራሱ፣ «ሦስት ነው እኮ ኦቪድ፣ ሦስት ነው» አለ። ኦቪድ ፊቱ እንደ ቀይ ሥር ቀልቶ ቆቡን በአጥሩ ላይ አሳልፎ ጣለው። ሬዣን ተንሸራትቶ መጣና አነሣው፤ ራሱ ላይ ደፍቶት ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። የተወረወረ ቆብ ተመልሶ አይጠየቅምና እኔ በባዶ ራሴ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ጆሮዬን ብርድ የመታኝ በዚህ ነው፤ አይቆጨኝም።

ማታ ሬዣን እኔ ዘንድ የአተር ሾርባ እየበላ፣ ክለቡ ለከርሞ እንደማይፈልገው ነገረኝ። ሦስት ጎል እግር አያድስም አሉት አሉ። ከታችኛው ሊግ፣ ከወንዙ ማዶ፣ አንድ ቡድን ጠርቶታል፤ አውቶቡሱ የባሰ፣ አዳራሹም የባሰ። «እማዬ፣ እንግዲህ ምን ትያለሽ?» አለኝ። ሂድ አልኩት።

ጋሼ፣ ቦታውን አያቆዩለት። እርስዎ ለደጉ እንዳሰቡ አውቃለሁ፤ ግን ልጄን ይበቃሃል ያሉት ሰዎች ሁሉ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ ነው ያሉት። የሚበቃው ዕለት እሱ ራሱ ይነግረናል። እኔ በበኩሌ ያን ቃል ከአፌ አላወጣም፤ ቢቆጡም ባይቆጡም ይኸው ነው መልሴ።

እትዬ ኤርሚንን እጅ ይንሡልኝ፤ የሠሩልኝ ሹራብ ልክ ሆኖኛል። ሴት ልጅዎን ዶሪላን ከነመንታዎቿ ይሳሙልኝ። የመጨረሻው ልጅዎ ሉድጀር ሥራ ፈት ሆኖ ሶፋ ላይ ይውላል ሲባል ሰምቻለሁ፤ መጋዝ ቤት አንድ ቦታ ክፍት ነውና ሰላምታዬን ከነቦታው ያድርሱልኝ።

እህትዎ ሮላንድ

ቫል-ግሪ፣ ሰሜን ኬቤክ
ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1974