ካፖርት ለብሰው ዮጋ ለመረመሩልን ክቡር ሰብሳቢ

መካነ ሰላም፣ ሰኔ 2004 ዓ.ም.

ይድረስ ለክቡር የሙቀት እንቅስቃሴ አጣሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ አሰላሙ ዐለይኩም እያልኩ ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን ነገር እጠይቃለሁ። ወገብዎ እንደምን ሰነበተ? ጉልበትዎስ? የቢሮዎን ደረጃ ሲወጡ የሚያጥርዎ ትንፋሽ ለቀቅ አደረገዎት ወይ? አላህ ዕድሜውን ከጤና ጋር ሰጥቶ፣ ከወንበርዎም ሳያናውጥ ያኑርዎ። እኔ በገበያው ዳር ያለሁት ልብስ ሰፊ አሕመድኑር፣ ወገቤ እንደገና ከመያዙና ልጄ አፍናን ሻንጣ ከመግዛቷ በቀር፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በስፌት ቤቴ በር ላይ የለጠፍኩት በድፍረት አይደለም። ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ እንደሆኑ ስለሚነገረኝ፣ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ሲያልፉ ዓይንዎ ቢያርፍበት ብዬ ነው። ጉዳዬም እርስዎ ያሸጉት የፈይዛ የሙቀት ክፍል ነው።

ለማያውቅ አላፊ አግዳሚ ላስረዳ። ፈይዛ ዱባይ በነበረችበት ጊዜ የምታጸዳው፣ ሴቶች በሞቀ አዳራሽ ውስጥ ሰውነታቸውን እያፍታቱና እየሳቡ ላብ የሚያወጡበትን ቤት ነበር፤ ዮጋ ይሉታል። ወለሉን ስትወለውል ዓይኗን ስላልጨፈነች ሥራውን ተማረችው፤ አስተማሪዋ በቀረች ቀንም ቆማ እስከማሠራት ደረሰች። አገሯ ስትገባ እንደ ሌላው ሱቅ አልከፈተችም። አንዲት ክፍል በጭቃ አስመርጋ፣ የብረት ምድጃ አስገብታ፣ ጭሱን በቧንቧ ወደ ውጭ አውጥታ፣ ምድጃው ላይ ትልቅ ድስት ውሃ ጣደችና ቁር በሚቆረጥምበት አገር መካከል ቆላ ሠራችልን። ጠዋት ሴቶች፣ ከሰዓት ወንዶች እንገባለን። ነፍሰ ጡርና የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበትን ሰው ግን በር ላይ ትመልሳለች፤ ውሃ ጠጥቶ ያልመጣንም እንደዚሁ።

ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር እንደሚወዱ ከሪፖርትዎ ተረድቻለሁና።

1ኛ. በመጋቢት ወር ኮሚቴዎን አስከትለው ክፍሉን በአካል ለመመርመር በመምጣትዎ ከልብ እናመሰግናለን። ፈይዛ ካፖርትዎንና ጫማዎን አውልቀው፣ ውሃ ጠጥተው፣ ቀለል ያለ ልብስ ለብሰው እንዲሞክሩት በትሕትና ብትለምንዎ፣ ሥራ ላይ ያለ ኮሚቴ ካፖርት እንደማያወልቅ አስረድተው፣ ወንበር አስመጥተው፣ በጋለው ምድጃ ፊት ስብሰባ ከፈቱ። የመክፈቻ ንግግርዎን እኔም በር ላይ ቆሜ አድምጫለሁ። ስለ ስፖርት ልማት፣ ስለ አንድ ለአምስት አደረጃጀት፣ ስለ ኪራይ ሰብሳቢነት በሰፊው አብራርተው ወደ ዋናው ነጥብ ሊገቡ ሲሉ፣ ጸሐፊዎ ከነቃለ ጉባኤው ከወንበሩ ወደቀ። ወዲያውም ሙቀቱ ለጤና ጠንቅ ነው ተብሎ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ፤ የጸሐፊው ድምፅ እንዴት እንደተቆጠረ ብቻ አልገባኝም። እኛ ከኅዳር ጀምሮ በዚያ ክፍል ስንጎነበስና ስንቃና አንድም ሰው አልወደቀም። ስለዚህ ሰውዬውን የጣለው ምድጃው ይሁን ንግግሩ እንዲለይ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ንግግሩን ብቻውን በብርድ ቦታ ቢሞክሩልን።

እርግጥ ፈይዛ መድኃኒት አለኝ ብላ አታውቅም። ስኳር አያድንም፣ ጋኔንም አያወጣም ትላለች። ነገር ግን ዕድሜ ልኬን በስፌት መኪና ላይ ተጎንብሼ የደረቀው ጀርባዬ እዚያ ሲሞቅ ይላላ ነበር፤ ደንበኛ ከኋላዬ ሲጠራኝ አንገቴን ብቻ አዙሬ ማየት ጀምሬ ነበር፤ እንቅልፌም ተመልሶ ነበር። የእርስዎን ሰውነት በተመለከተ፣ የሱሪዎን ወገብ በየመስከረሙ የማሰፋው እኔ ስለሆንኩ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። በወረዳችን ስፖርት እየሰፋ ነው ሲሉ በሬዲዮ ስሰማ፣ ሜትሬን አየት አድርጌ አምኜዎታለሁ።

2ኛ. በውሳኔው ላይ እንቅስቃሴው «የባዕድ አምልኮ ዝንባሌ ሊኖረው ይችላል» ብለው ለሃይማኖታችን ስለተጨነቁልን ውለታዎ አይረሳም። ሼህ አራጋው ቁርአን ሲያቀሩ ዘመናቸውን ሙሉ መሬት ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸው ተሳስሮ፣ ሲነሱ የሰው እጅ ይፈልጉ እንደነበር አገር ያውቃል። ከፈይዛ ዘንድ ከገቡ ወዲህ በሶላት ለሩኩዕ ጎንበስ ብለው ሲቃኑ ፊታቸው አይኮማተርም፤ ስለ አምልኮው ቢጠየቁም «ወላሂ፣ እኔ እዚያ ያየሁት ላብ ብቻ ነው» ብለዋል። አጠገባቸው የሚቆሙት ቄስ አለምነው ደግሞ፣ በአንድ እግር መቆም ከህንድ መጣ መባሉን ሲሰሙ ተቆጥተው፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በአንድ እግራቸው ሲጸልዩ ህንድን ማን ያውቃት ነበር ብለው ክፍሉን በሳቅ አፈረሱት። ሁለቱ አባቶች ያልፈሩትን ኮሚቴዎ ስለፈራላቸው፣ በሁለቱም ስም እጅ እነሣለሁ።

3ኛ. ይህኛው የልጄ ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ ይታገሡኝ። የደጋ ልጆቻችን በራሳቸው ብርድ ላይ ሲሮጡ የሚደርስባቸው የለም፤ ከሚሴ ለውድድር ሲወርዱ ግን ግማሽ ላይ ሙቀቱ ይጥላቸዋል። እርስዎ ምክንያቱን የሥነ ልቦና ዝግጁነት ማነስ ብለው፣ መድኃኒቱን በአዳራሽ ውስጥ ሙሉ ቀን ተቀምጦ መሠልጠን አድርገውላቸው ነበር። ፈይዛ ግን ሙቀት ላይ ኖራለችና ሰውነት ላብ ማውጣትንም ይማራል አለች። አፍናን ከኅዳር ጀምሮ ከሩጫ ስትመለስ እዚያ እየገባች፣ ጅማቷን እየሳበች፣ በአፍንጫዋ ቀስ ብላ መተንፈስ ተማረች። በየካቲት ከሚሴ ላይ ሮጣ ሁለተኛ ወጣች። ስትጨርስ ውሃ ጠይቃ ስትስቅ አይቻታለሁ። የአንድ ክለብ አሠልጣኝም በግንቦት እዚያው ከሚሴ ለምርጫ እንድትመጣ፣ ካለፈች ደመወዝና ማደሪያ እንደሚሰጣት ነገራት።

ክፍሉን ያሸጉት በዚያ መካከል ነው። ግንቦት ላይ ልጄ እስከ ግማሽ ድረስ መርታ፣ ከዚያ ላቧ ደርቆ፣ ከንፈሯ ነጥቶ፣ በሰው ትከሻ ተደግፋ መጣች። ክቡር ሆይ፣ ያን ቀን ማሾፍ አልቻልኩም። አልቅሻለሁ፤ እርስዎንም ረግሜያለሁ። አሠልጣኙ ሰው ነውና፣ ሙቀቱን ከለመደች በጥቅምት እንደገና አያታለሁ ብሏል።

4ኛ. ልጄ ግን እስከ ጥቅምት ምን ይዤ ልቀመጥ አለች። እኩዮቿ ዓረብ አገር ሆነው የወላጆቻቸውን ቤት ቆርቆሮ አልብሰዋል። እሷም ለመሄድ ተመዘገበች፤ ከእርስዎ ቢሮ ጎን ያለው መስኮትም የድጋፍ ደብዳቤዋን ከምሳ በፊት ማኅተም መትቶ ሰጣት። ፈይዛ ለአንዲት ምድጃ ከጤና፣ ከንግድ፣ ከባህልና ከእርስዎ ዘንድ ወረቀት እንድታመጣ ተጠይቃ ጫማዋ አልቋል፤ አንዲት ልጅ ባሕር አቋርጣ ወደ በረሃ ስትሄድ ግን የሙቀቱን ጉዳይ የሚያጣራ ኮሚቴ አልተቋቋመም። ለጎረቤት ቢሮዎ ቅልጥፍና ያለኝን አድናቆት ያድርሱልኝ።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። ያንን የበሩን ማሸጊያ ይቅደዱልን። አፍናን ክፍሉ ከተከፈተ እቀራለሁ፣ ለጥቅምት እዘጋጃለሁ ብላ ቃል ሰጥታኛለች፤ የአውሮፕላኗ ቀን ግን እየቀረበ ነው። ጥፋቱ የምድጃው ነው ካሉ ምድጃውን እኔ ተሸክሜ ቢሮዎ ድረስ አመጣዋለሁ፤ እዚያው እያዩት ይሥሩበት። ልጄን ግን ተዉልኝ።

ለንግግርዎ ርዝመት፣ ለካፖርትዎ ውፍረትና ለውሳኔዎ ፍጥነት ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ከተቃና ወደ ጎባጣ በተመለሰ ወገብ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ፤

አሕመድኑር፣ ልብስ ሰፊው

ግልባጭ፦
ለሚመለከታቸው ሁሉ፣
ለወደቁት ጸሐፊ፣ ምሕረት እየተመኘሁ

ማስታወሻ፦ ይህ የላይኛው ወረቀት ተለጥፎ የሐምሌ ዝናብ ካገኘው በኋላ የጨመርኩት ነው። ለመልሱ አይቸኩሉ፤ አፍናን ሄዳለች። ትናንት ከጅዳ ደወለች። በጠራራ ፀሐይ ሰገነት ላይ ምንጣፍ እንደምታጥብ፣ መጀመሪያ ሰሞን ራሷን እየሳተች እንደነበር፣ አሁን ግን ላቧ በደንብ እንደሚወጣና ሙቀቱን እንደለመደችው ነገረችኝ። አብሽር አባዬ፣ አሁን ከሚሴ ብሮጥ ማንም አይቀድመኝም አለችና ስልኩ ተቋረጠ።