ሞተር ለሚያዳምጠው ባሌ

ይመር፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላህ ነው። እንደምን ሰነበትክ አልልህም፤ የት እንዳለህ አውቃለሁ። ሚካኤል ቅጥር ግቢ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር፣ ከእናትህ ጎን ተኝተሃል። «ውድ ባለቤቴ» ብዬም አልጀምርም፤ ተቀይሜሃለሁ። ሰው «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይላል። እኔን ግን ያድርገኝ።

በመጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። የጓሮው ግድግዳ በክረምቱ ዝናብ ተንዶ በቆርቆሮ አስከልዬዋለሁ። ልጃችን አስካለ አሁንም ቤይሩት ናት፤ ስትደውል ግማሹን ታለቅስና ካርዱ ያልቅባታል። አንተ ትጠግነው የነበረው የወፍጮ ሞተር በቆመ ቁጥር ሰዉ ገብሱን እንደጫነ ደጅ ቆሞ «ሻምበል ቢኖር ኖሮ» ይላል። በሕይወት ሳለህ ሻምበል ያለህ አልነበረም። እዚህ አገር ማዕረግ የሚመለሰው ከቀብር በኋላ ነው።

አሁን ወደ ቂሜ ልምጣ። ደብረ ዘይት ሳለን አብራሪ መሆንህን አውቅ ነበር። ጦርነቱ ሲከፋ ግን አንድ ቀን መጥተህ «ወደ ጥገና ተዛውሬያለሁ፤ ከእንግዲህ ሥራዬ ሞተር ማዳመጥ ነው፤ ድምፁ ካላማረኝ ለመካኒኮቹ እመልሳለሁ» አልከኝ። እኔም አመንኩህ። እንደ መኪና ሾፌር ኮፈኑን ከፍተህ፣ መሬት ላይ ቆመህ፣ ጆሮህን ሰጥተህ የምታዳምጥ መሰለኝ። የሠፈራችን ሴቶች ባሎቻቸው ወደ ሰሜን ሲበሩ ሥዕለት ሲሳሉ፣ እኔ እግሬን ዘርግቼ እተኛ ነበር። ሲያለቅሱም አጽናኟ እኔ ነበርኩ። እንዲያውም እንደ ፈሪ ቆጥረውህ ይሆን እያልኩ በልቤ አፍርልህ ነበር።

መንግሥት ተለወጠ፤ ከተሃድሶ ካምፕ ወጥተህ መካነ ሰላም አባትህ ቤት ገባን። ቀበሌ ሰብስቦ «ቦምብ ጥለሃል አልጣልክም?» ብሎ ሲያፋጥጥህ እኔም አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። ተነስተህ «እኔ የሙከራ አብራሪ ነበርኩ» አልክ። ሊቀመንበሩ የሚያውቀው የሙከራ ሠራተኛ የሚባለውን ነው። ሳይቀጠር የቀረ መሰለውና «ይሄን ሁሉ ዘመን በሙከራ?» ብሎ ሳቀ፤ አዳራሹም ተከትሎት ሳቀ። አንተ አንገትህን ደፋህ። እኔም ለማምለጥ የፈጠርካት ቃል መስላኝ ብልጠትህን አደነቅኩ። በዚያች ቃል አንተ ተረፍክ፣ እኔ ደግሞ «የሙከራው ሚስት» ሆኜ ቀረሁ። ገበያ ወጥቼ ሽንኩርት ስመርጥ እንኳ «ትገዢያለሽ ወይስ ለሙከራ ነው?» ይሉኝ ነበር። ባሌ እስከዳነ ድረስ ብዬ ሁሉንም ዋጥኩት።

ከዚያ ሞትክ። ጓደኞችህ ሚኒባስ ተኮናትረው፣ በአቀስታ በኩል አቧራ ለብሰው መጡ። አንድ ሽበታም የቀድሞ ኮሎኔል የሕይወት ታሪክህን አነበቡ። «ከጥገና የወጣ አውሮፕላን ሁሉ መጀመሪያ በእሱ ነፍስ ይሞከር ነበር» አሉ። እኔ ሌላ ሰው ሊቀብሩ የመጡ መሰለኝ። ቀጠሉና «ማንም ያልደፈረውን አውሮፕላን ይዞ ወጣ፤ ሞተሩ አየር ላይ ጠፋበት፤ ያለ ሞተር በሰላም አረፈ» አሉ። ያገራችን ሴት የምታውቀው ማረፍ አንድ ነው። ታሪኩ ያለቀ መስሏት እሪ አለች። ሰውዬው ቆመው ጠበቁ። ጸጥ ሲል ሌላ አውሮፕላን ጀመሩ፤ እሱም ጎማው አልዘረጋ ብሎ በሆዱ «አረፈ»። እንደገና እሪታ ሆነ። ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ያ አላህ፣ ባልሽ ስንት ጊዜ ነው የሞተ?» አለችኝ።

እሷ የጠየቀችውን እኔም እየጠየቅኩ ነበር። ሰዉ ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ዓይኔ ደረቀ። ሞተሩ የጠፋው በጥምቀት ማግስት ነው ብለዋል። ያን ቀን አስታወስኩት። አስካለ በሆዴ ነበረች። ማታ ገብተህ፣ ታጥበህ፣ ሽሮውን ቀምሰህ «በርበሬው በዝቷል» አልከኝ። ከሞት አፍ ተመልሰህ ስለ በርበሬ አወራኸኝ። እኔም ተከፍቼ ጀርባዬን ሰጥቼህ ተኛሁ። ማን ጎን እንደተኛሁ አላወቅኩም። ያ ሽበታም ያውቃል፣ መካኒኮቹ ያውቃሉ፣ ግቢውን የሚጠብቀው ወታደር ሳይቀር ያውቃል። የማላውቅ እኔ ብቻ።

«እንዳትሰጊ ብሎ ነው» ይሉኛል። ማን ጠየቀህ? ሌላው ሁሉ የመንግሥት ነበር፤ አውሮፕላኑም፣ ልብሱም፣ ቤቱም። ስጋቱ ግን የእኔ ነበር። ሚስት ካልፈራችልህ ማን ሊፈራልህ ኖሯል?

አሁን ደግሞ ለሙት ዓመትህ ሐውልት እናቁም ብለው ኮሚቴ አቋቁመዋል። አውሮፕላን የተቀረጸበት እብነ በረድ፣ «ዝነኛው የሙከራ አብራሪ» የሚል። ያ የሳቀብህ ሊቀመንበር ሳይቀር ኮሚቴው ውስጥ ገብቶ «የአካባቢያችን ኩራት» እያለ ይናገራል፤ ፊቱ ላይ ትንሽ እፍረት እንኳ የለም። የቀራቸው የእኔ እሺታ ብቻ ነው። እምቢ አልኩ። የንስሐ አባታችን መጥተው «ልጄ፣ ባልሽን አታሳንሺው» ብለው መከሩኝ፤ እሳቸውንም እምቢ አልኩ። አውሮፕላን ማቆም ከፈለጉ ደብረ ዘይት ያቁሙ። ድንጋዩ ላይ ስምህና የአባትህ ስም ይጻፍ፣ ከሥሩ ደግሞ «የዘነበች ባል» ይባል፤ ሌላ ፊደል አልጨምርም። ወንድ ልጅ በሚስቱ ስም ተጽፎ አያውቅም ብለው ጮኹ። እኔ ያን ሁሉ ዘመን «የሙከራው ሚስት» ስባል የጮኸ አልነበረም። ከዝነኛው ጋር የኖሩት እነሱ ናቸው፤ ለእኔ የደረሰኝ በርበሬ በዛ የሚለው ሰውዬ ነው፤ እሱን ለማንም አላካፍልም።

አልረሳህም፤ ይሄን ቃል እገባልሃለሁ። ግን እነሱ እንደሚያስቡህ አላስብህም። ጠዋት ስነቃ ከደብረ ዘይቱ ዘመን አንዱን ቀን አነሳለሁ። በር ላይ «ደህና ዋል» ብዬህ፣ ቀና ብዬ እንኳ ሳላይህ ወደ ልብስ አጠባዬ የተመለስኩበትን ቀን። እጄን አጥፌ እቀመጥና እስክትመለስ እፈራልሃለሁ። በማግስቱ ሌላውን ቀን አነሳለሁ። የሰረቅከኝን ፍርሃት ሁሉ እንዲህ አድርጌ ፈርቼ ልጨርሰው። ሲያልቅ፣ ያኔ አለቅስልሃለሁ።

ዘነበች