አንቀጽ ዘጠኝ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

የአረጋውያን ክበብ። ሃያ ስምንት ሰው ተገኝቷል፤ መዝገቤ ላይ አለ። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት እንደተለመደው በመስኮት ጠብ አለፈ። ግማሹ «ይዘጋ፣ ብርድ ገደለን»፣ ግማሹ «ይከፈት፣ ታፈንን»። ሾፌሩ ተነሥቶ እኩሌታውን ከፈተና «ይኸው፣ አሁን ሁላችሁም ተናደዱ» ብሎ ተቀመጠ። ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ነድቷል፤ በነገር አይቸኩልም።

ከዚያ ሊቀመንበሩ ስለ ወንበር አደራደር ንግግር አደረገ። ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነው፤ ዛሬም እኛን ሰልፍ ላይ ያቆመን ይመስለዋል። (ፊት ለፊት «እርስዎ» እለዋለሁ። እዚህ ግን ደብተሩ የኔ ነው።)

ልብስ ሰፊው አጠገቤ ተቀመጠ። የእጅጌዬን ጠርዝ በሁለት ጣቱ ይዞ አገላብጦ አየው። «ይሄን ማን ሰፋው?» «አንተ ነህ» አልኩት። «እንደዚያማ ከሆነ ጥሩ ነው» አለ። ሳቅን። ባለፈው ሳምንትም ይህንኑ ጠይቆኝ ነበር... ያኔም እንዲሁ መልሼለት እንዲሁ ስቀናል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ልብስ ሰፊው ጠፋ።

ሻይ እየተቀዳ ነበር። ሁላችንም ጀርባችንን ሰጥተን ስኒ ስንሻማ ተነሥቶ ወጥቷል። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈለግነው። የሚሮጥ ሰው እንደሆነ የለንም፤ ፈጣኑ ሾፌሩ ነው፣ እሱም የሚሠራለት አንድ ጉልበቱ ብቻ ነው። ያገኘሁት እኔ ነኝ። የድሮ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ኪሱ ውስጥ ቁልፍ ይፈልጋል። ሱቁን ከሸጠው ስድስት ዓመቱ፤ አሁን ስልክ ይሸጥበታል። «አርፍጃለሁ፣ ደንበኛ ይጠብቀኛል» አለኝ። «ዛሬ ዝግ ነው፣ ና እንሂድ» አልኩት። መጣ።

ሚስቱ ተጠርታ በቤት ጫማዋ ደረሰች። አልጮኸችም። «ተኝቼ ነበር» አለች፣ ወንጀል የሠራች ይመስል። «ሌሊቱን በሩን ሲነቀንቅ ነው የሚያነጋው። እኔ የምተኛው እናንተ ዘንድ ሲሆን ነው፣ ማክሰኞና ዓርብ።»

ሊቀመንበሩ ማስታወሻ ያዘ። እሱ ማስታወሻ ከያዘ ነገር አለ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ልጄ ደወለች። ነገርኳት። «እማዬ፣ አንቺ ደግሞ የሰው ጣጣ አትሸከሚ፣ ዕድሜሽን እዪ እንጂ» አለችኝ። ዕድሜዬን? በየጧቱ አየው የለም እንዴ... ፊት ስታጠብ ከመስታወቱ ያፈጥብኛል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ኮሚቴ። ሦስታችን፤ ሊቀመንበሩ፣ ሾፌሩ፣ ጸሐፊዋ እኔ።

ሊቀመንበሩ መተዳደሪያ ደንቡን አውጥቶ አነበበ። «አንቀጽ ዘጠኝ። የክበቡ አባል ያለ ሌላ ሰው እርዳታ መግባትና መውጣት፣ መቀመጥና መነሣት፣ ራሱንም መጠበቅ የሚችል ይሆናል።» ቀና አለ። «ግልጽ ነው። ያወጡትም እርስዎ ነዎት።»

አዎ፣ ነኝ። ክበቡ ሲቋቋም፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት። ያኔ ስድሳ ሦስቴ ነበር፤ ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ እወጣለሁ። ፍርድ ቤት ሠላሳ ሁለት ዓመት የዳኛ ቃል ስተይብ ኖሬ አንድ ቀን የራሴን ሕግ መጻፍ እንዴት እንደጣፈጠኝ... «ክበብ እንጂ የሕሙማን ማቆያ አይደለም» ብዬ ተናገርኩ። አጨበጨቡልኝ። «አንቀጽ» የሚለው ቅጽል ስም የወጣልኝ ያን ቀን ነው።

«መኪና ቢገጨው ተጠያቂው ማነው? አዳራሹን ቢነጥቁንስ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ሚስቱስ?» አለ ሾፌሩ።

«አዝናለሁ። ጠቅላላ ጉባኤው ኅዳር 3 ነው፣ እዚያ እናጽድቀው። እርስዎ የስንብት ደብዳቤውን ያዘጋጁ።»

ወደ እኔ አዩ፣ ሁለቱም። እኔም ቃለ ጉባኤው ላይ «ደብዳቤ፣ ጸሐፊዋ» ብዬ መዘገብኩ። አፍ የሌለኝ ይመስል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ከጧት ጀምሮ ወረቀት ፊት ተቀምጫለሁ። አንድ መስመር አልወጣኝም።

እንግዲህ ይጻፍ ከተባለ እውነቱ ይጻፍ። ይህ ሁለተኛው ደብዳቤ ነው። የመጀመሪያውን ከሦስት ዓመት በፊት ለአዋላጇ ጻፍኩ። የዚህን ሰፈር ግማሹን ልጅ የተቀበለች ሴት። አንድ ጎኗ ሽባ ከሆነ በኋላ ከወንበር የሚያነሣት ሰው ያስፈልጋት ነበር። አንድ ሰው። ከሠላሳ ሰው መሀል! እኔ አንቀጽ ዘጠኝን ጠቅሼ፣ «ከአክብሮት ጋር» ብዬ፣ አንድ የፊደል ግድፈት ሳይኖርበት ላክሁላት። በአራት ወሯ ሞተች። ደብዳቤዬ ገደላት አልልም፤ ሐኪሙ የጻፈው ሌላ ነው። ግን እህቷ በኋላ ነገረችኝ፤ ማክሰኞና ዓርብ በመጣ ቁጥር ደህና ልብሷን ለብሳ መስኮቱ ሥር ትቀመጥ ነበር አለች። የት ልትሄድ?

አፍራለሁ። ይኸው ጻፍኩት። ለሰው ተናግሬው አላውቅም።

ደብዳቤውን አልጽፍም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

ለሊቀመንበሩ ነገርኩት። «አልጽፍም።» «ሕግ ሕግ ነው፣ ይህን ያስተማሩን እርስዎ አይደሉ እንዴ?» አለኝ። ሾፌሩ ከኋላ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብሎ አጉተመተመ። ለማን እንዳለው አልገባኝም። ለሁለታችንም ሳይሆን አይቀርም።

ልብስ ሰፊው አልመጣም። «እስከ ጉባኤው ቤት ይቆይ» ተብሎ ለሚስቱ ተነግሯታል። እኔ ጸሐፊዋ ሳልጠየቅ፣ ሳልሰማ። ቆይ ብቻ።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ቤታቸው ሄድኩ። ክር በሌለው የስፌት መኪና ፊት ተቀምጦ ፔዳሉን ይረግጣል። ሚስቱ ሻይ ልትቀዳ ስትል ብርጭቆው ከእጇ ወደቀ። አላነሣችውም። ስብርባሪውን እያየች ቆመች፣ የሌላ ሰው ቤት ወለል ይመስል። እኔ ጠረግኩት።

«እታለም፣ እውነት ሊያስወጡት ነው? ሁለት ቀኔን ሊወስዱብኝ?»

«አይወጣም» አልኳት። ሳላስበው ከአፌ ወጣ። እንግዲህ ቃል ሆነ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ዛሬ ቃለ ጉባኤ አልያዝኩም። ማን ማንን እንደሚረዳ ነው የመዘገብኩት። ሊቀመንበሩ አምስቱን የበር ደረጃ የሾፌሩን ትከሻ ይዞ ወጣ። ሾፌሩን ከወንበር ፎቶ አንሺው ጎትቶ አነሣው። ለፎቶ አንሺው ከመጸዳጃ ቤት ሲመለስ ሌላ አባል ኮቱን አስተካከለለት። ጆሮዋ የከበደው መምህርት «ምን አለ?» ትላለች፣ ጎረቤቷ ትደግምላታለች፤ ከዚያ ጎረቤቷ መድኃኒቷን ትረሳለች፣ መምህርቷ ታስታውሳታለች። ገጹ ሞላ። ሌላ ገጽ ገለጥኩ።

ማንም ልብ አይለውም። እኔም ብሆን እስከ ዛሬ ልብ አላልኩትም።

ሕግ ሕግ ነው አይደል? እሺ።

ሰኞ፣ ኅዳር 2

ልጄ «ነገ እቤትሽ ዋዪ፣ ተጣልተሽ ደም ግፊትሽን ታስነሺያለሽ» አለችኝ። «ይነሣ» አልኳት። «እኔም ከሱ ጋር እነሣለሁ።»

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ጠቅላላ ጉባኤ።

ቀድሜ ደረስኩ። ጠረጴዛዬን እየጎተትኩ በሩ ላይ አደረግኩት፣ ከደረጃው በላይ። መዝገብና ቀይ እስክሪብቶ። ለመጣው ሁሉ ነገርኩ፤ ዛሬ አንቀጽ ዘጠኝ ሥራ ላይ ይውላል፣ ማንም ማንንም አይረዳም፣ እርዳታ የተቀበለ ይሰረዛል። ሾፌሩን ደግሞ ለብቻው «ትከሻህን ለማንም እንዳትሰጥ» አልኩት። «ዛሬስ ጉድ ልታፈዪ ነው» አለ። ደስ ብሎታል።

ሊቀመንበሩ መጣ። ደረጃው ሥር ቆሞ እጁን ዘረጋ። ትከሻ የለም። «ምንድን ነው ነገሩ?» አለ። «አንቀጽ ዘጠኝ ነው። ያለ ሌላ ሰው እርዳታ።» ፊቱ ቀላ። ብቻውን ጀመረ። ሁለተኛው ላይ አረፈ። ሦስተኛው ላይ ግድግዳውን ያዘ። አራተኛው ላይ ቆመና ቀረ። የሳቀ ሰው የለም። እውነቱን ልናገር፣ አንጀቴን በላኝ፤ ሮጬ ልይዘው ምንም አልቀረኝም። ዞር ብሎ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጠ። በቀይ ጻፍኩ፤ ሊቀመንበር፣ መግባት ያልቻለ።

ከዚያ በኋላ ፈጠነ። መምህርቷ ለጎረቤቷ «ምን አለች?» አለች። «እርዳታ ነው» አልኩ፤ ቀይ። የደገመችላትም ልትቀመጥ ስትል የሰው ክንድ ያዘች፤ ቀይ። ፎቶ አንሺው በኮቱ ምክንያት ወጣ። ሾፌሩ ደግሞ ጉድ ሆነ። ከወንበር መነሣት ስላልቻለ ተሰረዘ፤ ስለተሰረዘ መውጣት አለበት፤ ለመውጣት ግን መነሣት አለበት። «እዚያው ተቀመጥ» አልኩት። «የት እሄዳለሁ» አለ።

ከሠላሳ አንድ ሰው ያልተሰረዘ አራት ቀረ፣ አንዷ እኔ። ስም ልጠራ መዝገቡን ገለጥኩ... ፊደሉ ሁሉ ጉንዳን ሆነብኝ። ከልማዴ አጠገቤ ወዳለው ሾፌር ገፋሁት፤ እሱም ከልማዱ ማንበብ ጀመረ። ሁለት ስም ካነበበ በኋላ ቆመ። ተያየን። ዓይኔ ከደከመ ወዲህ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ የሚያነብልኝ እሱ ነው! ያን ማክሰኞ የሰውን ሁሉ ስመዘግብ የራሴን ዘልዬዋለሁ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። ይበለኝ። ስሜን በገዛ እጄ በቀይ ጻፍኩና ወጣሁ።

ሁሉም ደረጃው ላይ ተደርድሯል። ሾፌሩን ከነወንበሩ አወጡት። ሦስቱ ንጹሐንም ብቻቸውን ሲሰለቻቸው መጡ። ልብስ ሰፊውን ሚስቱ ይዛው መጥታ ነበር፤ ሊቀመንበሩ አጠገብ ተቀምጦ የኮቱን ቁልፍ ይነካካል። «ላላ ብሏል፣ ነገ አምጣው» ይለዋል።

እዚያው ቆሜ ስለ አዋላጇ ተናገርኩ። ስለ ደብዳቤው። ደህና ልብሷን ለብሳ መስኮት ሥር ስለመቀመጧ። «ያን ደብዳቤ ሁለተኛ አልጽፍም። የሚጽፍ ካለ እስክሪብቶው ይኸው» አልኩ።

እስክሪብቶውን የነካ የለም።

ሊቀመንበሩ «ባለፈው ሳምንት የታናሽ ልጄ ስም ጠፋብኝ» አለ። ለማንም አልነበረም የሚናገረው። «እሱን ሳየው ራሴን አያለሁ። ከፊቴ ዞር እንዲልልኝ ነበር የፈለግሁት... ሌላ አይደለም።» ልብስ ሰፊው አሁንም ቁልፉን ይዞታል።

ከዚያስ? ድምፅ ተሰጠ። የተሰረዘ ሰው ድምፅ ይሰጣል ወይ? ይህን የምትጠይቀው ጸሐፊዋ ነበረች፣ እሷም ተሰርዛለች። አንቀጽ ዘጠኝ በሃያ ስድስት እጅ ወደቀ። የመጨረሻዋ እጅ የሊቀመንበሩ ናት፤ ስትወጣ ቀስ ብላ ነው፣ ግን ወጣች። መንገዱስ፣ መኪናውስ ሲሉ ሾፌሩ መላ አመጣ። በር አይቆለፍም፣ ሰውየው አይከለከልም። ተነሥቶ ከወጣ ተረኛው አብሮት ይሄዳል፤ ሲበቃው ይመልሰዋል። ተራው ተጻፈ። ጸሐፊው እኔ፣ አንባቢው ሾፌሩ ነው። በግልጽ።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

ሚስቱ ልትወስደው ስትመጣ ጉንጯ ላይ የትራስ መስመር ነበረባት። ማንም አልነገራትም።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። ከሻይ በኋላ ተነሣ፣ ተነሣሁ። መንገዱን እሱ ነው የሚያውቀው፤ እግሩ አልረሳም። የስልክ ሱቁ ጋ ሲደርስ በሩ ላይ ቆሞ ኪሱን ዳበሰ። በዚህ ጊዜ ዝግ ነው አላልኩትም። በሩን ገፋ አድርጌ አስገባሁት።

ሻጯ «ምን ነበር እማማ?» አለች። «ሱቁ የሱ ነበር። ትንሽ ይቀመጣል» አልኳት። አልለመንኩም፤ ነገርኳት። አየችኝ፣ አየችው፣ ወንበር አመጣች። ተቀምጦ ግድግዳውን ዞር ዞር ብሎ አየ። «ዛሬ ደንበኛ የለም» አለ። «የለም።» «እንግዲያው እንዝጋና እንሂድ።»

ስንመለስ አስፋልቱ ዳር ላይ ቆመን መኪና እስኪያልፍ ጠበቅን። ፊቴን አተኩሮ አየኝ።

«አንቺ ማነሽ?»

«የክበቡ ሰው ነኝ።»

«ክበቡማ ጥሩ ነው። ጸሐፊዋን ብቻ ተጠንቀቂያት፤ ሰው ታስወጣለች።»

እንዴት እሷን አልረሳም?

«ሰምቻለሁ» አልኩት። «አሁን እኮ እሷም ተሰርዛለች።»

«ደግ አደረጓት» አለና ክንዴን ይዞ አሻገረኝ።