ከሰሊጥ አገዳ የወጣው ነዳጅ

ጓዴ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ዛሬ የአንዲት መሐንዲስ ወርክሾፕ ገብቼ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እኛ አጭደን የምናቃጥለውን የሰሊጥ አገዳ እሷ ፈጭታ፣ አየር በማያስገባ በርሜል ውስጥ የጋለ አሸዋ ላይ ትጨምረዋለች። ዓይንሽን ጨፍነሽ እስክትገልጪ ይተናል፤ እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ ጥቁር የነዳጅ ዘይት ሆኖ ይንጠባጠባል።

በዚያ ዘይት የጎረቤቷን ልብስ ማጠቢያ ቤት የውሃ ማፍያ ቦይለር ልትለኩስ ስትሞክር እሳቱ ሁለቴ ጠፋባት። አገዳውን ያመጡላት ገበሬው አማቷ፣ «ይብቃሽ ልጄ፣ ሦስት ዓመት ለፋሽ» አሏት።

«አንዴ ብቻ፣ አባባ» ብላ ብትለኩሰው ቦግ አለ! ሽማግሌው ግንባሯን ስመው ስልካቸውን አወጡና ለማሳ ጎረቤታቸው፣ «አገዳውን እንዳታቃጥለው፣ እየመጣሁ ነው!» ብለው ጮኹ። እንዲህ ያለች ልበ ሙሉ ሰው አይቼ አላውቅም።

ፖስት ካርዱ በጽሑፍ ሞላብኝ፤ እናትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፣ መንትዮች ልጆችሽንም እያገላበጥሽ። ናፍቃችሁኛል።