የሐጂ ሰይድ አዲስ ንቦች

ታኅሣሥ 9፣ ጠዋት 4 ሰዓት
ትናንት ከቀፎው ሥር ያነጠፍኩትን፣ ቫዝሊን የተቀባ ነጭ ወረቀት ሳብኩ። ቀያይ ነጠብጣብ ሞልቶበታል። በመነጽር አየሁ። እግር አላቸው። ቫሮዋ ናት፣ የንብን ገላ የምትመጥ ተባይ። ክንፋቸው የተጨማደደ ንቦችም ደጃፉ ላይ ይድሃሉ። እስከ ዛሬ ምን ሳይ ነበር?

ታኅሣሥ 10
ስኳር አላምኩ፣ ነፋሁ፣ ንቦቹ ላይ በተንኩ። ሰውነታቸውን ሲያጸዱ ተባዩ ይረግፋል። ረገፈም። ነገ እደግማለሁ። ባለቤቴ አስካለ ንብ በየቀኑ ጎብኚ አይወድም አለች። ሳላርም አልተኛም አልኳት።
«ተማሪዎችህ መሰሉህ? እነሱ እንደሆኑ ለመውጣት ፈቃድ አይጠይቁህም።»
ሳቅሁ።

ታኅሣሥ 12
ዛሬም ከፈትኩ። ብርድ ነው። ተቆጥተዋል፤ ቅንድቤ አብጧል። ተባዩ ግን ቀንሷል።

ታኅሣሥ 14፣ 8 ሰዓት
ቀፎው ባዶ ነው።
አላመንኩም። ሰፈፉን አንድ በአንድ አወጣሁ። ማሩን መጥጠው፣ እጫቸውን ጥለው ሄደዋል። የአገራችን ንብ ሲነካካ ቤቱን ጥሎ እንደሚሄድ አውቃለሁ። ለሰው እመክራለሁ።

ታኅሣሥ 15፣ ጠዋት
ጎረቤቴ ሐጂ ሰይድ በአጥር ላይ ጠሩኝ። የከባድ መኪና መንዳት ካቆሙ ወዲህ የሚተዳደሩት በሦስት ቀፎ ማር ነው። ንብ እንዲገባበት አራተኛውን በወይራ አጥነው ባዶውን ሰቅለው ነበር።
«መምህር፣ እንግዳ መጣልኝ! ትናንት ገብተው አደሩ።»
የእኔዎቹ ናቸው። እሳቸውም ሳይገባቸው አልቀረም፤ ንብ የገባበት ነው ባለቤቱ ብለው ቀድመው ሳቁ። እንኳን ደስ ያለዎት አልኩ። ስለ ተባዩ ትንፍሽ አላልኩም። ማስታወሻዬ፣ አፌን ምን ያዘው?

ያው ዕለት፣ 10 ሰዓት
አስካለ አሁን ብትነግራቸው ምቀኝነት ይሉታል አለች። ይበሉ። ዝም ካልኩ ተባዩ ወደ ሦስቱ ቀፎ ይዛመታል፤ እንጀራቸው ነው። ጊዜውም አሁን ነው። አዲሱ ቤት ውስጥ ገና እጭ የለም፤ ተባዩ የሚደበቅበት የለውም።
ወረቀቱንና ቫዝሊኑን ይዣለሁ። አስካለ ስኳር እየነፋች ነው። ወረቀቱን ሐጂ ራሳቸው ስበው ይዩት። ስኳሩንም እሳቸው ይበትኑ፣ በሳምንት አንዴ።
እኔ ክዳኑን አልነካም።